በመድን ወረቀት ውስጥ ያልታየው ዋጋ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የውኃ ሒሳብ ደረሰኝ እንዴት እንደሚነበብ አብረን አይተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። አንዱ ጥያቄ ግን በደብዳቤ አልመጣም። ባለቤቱ ራሳቸው ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ።

እኚህን ሰው ጋሼ እንላቸዋለን። የእህል ነጋዴ ነበሩ። ዛሬ አንድ ሚኒባስ አላቸው። ራሳቸው አይነዱትም፤ ሹፌርና ረዳት ቀጥረው ያሠሩታል። የቤታቸው ኑሮ በዚያች ሚኒባስ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፊደል አይለዩም ነበር። ዛሬ ይህን ጋዜጣ ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዱ ያነባሉ።

ሚኒባሷ ባለፈው ክረምት ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ኮፈኑ ተጨማደደ፣ ራዲያተሩ ተበሳ፣ አንዱ በር ከቦታው ወጣ። ጋራዡ 200,000 ብር ጠየቀ። ጋሼ አልደነገጡም። «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» ብለው ነበር። ኢንሹራንሱ የከፈለው ግን 75,000 ብር ነው። የቀረውን 125,000 ብር ከራሳቸው አወጡ። ገንዘቡ እስኪሞላ ሚኒባሷ ሁለት ወር ጋራዥ ቆመች።

«ልጆቼ» አሉን፣ «ተታልዬ ነው ወይስ ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው? ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ነው ያተምኩት። አሁን ላንብበው ብል ደግሞ ፊደሉ የፈረንጅ ሆነብኝ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸውም አብራን ነበረች። እውነቱን ለመናገር አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብን። ያገኘነውን ለእናንተም እንንገራችሁ።

ለመሆኑ መድን ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ። ከመካከላቸው አደጋ የደረሰበት ሰው ከተዋጣው ላይ ይካሳል። እድርን ለምታውቁ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በእድር ውስጥ እንተዋወቃለን፤ ሊቀ መንበሩን ቤቱ ሄደን እንጠይቀዋለን። በመድን ድርጅት ግን የሚናገረው ወረቀቱ ነው። በየዓመቱ የምንከፍለው ገንዘብ አረቦን ይባላል። አደጋ ሲደርስ የሚሰጠን ገንዘብ ካሳ ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙ።

የመኪና መድን ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይህ ግዴታ ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ያለዚህ መድን መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት የዚህ ነው። ይህ መድን የሚከፍለው መኪናችን ለጎዳው ሌላ ሰውና ለጎዳው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ለራሳችን መኪና ግን አንድ ብር አይከፍልም። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰው ሁሉ መኪናው የተሸፈነች ይመስለዋል። አይደለም። ደግሞም ለሌላው ሰው የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ አለው። ጣሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል በያዛችሁት ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት የመኪናው ባለቤት ሊጠየቅበት ይችላል።

ሁለተኛው የራስን መኪና ጭምር የሚሸፍነው ነው። በልማድ ሙሉ ኢንሹራንስ እንለዋለን። ስሙ ሙሉ ነው እንጂ ሙሉ አይደለም። የጋሼ ነገር የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ማነጻጸር በጣም የሚጠቅመውም በዚህኛው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመች አጠጋግተናቸዋል። እርሳስ ያዙና አብራችሁን አስሉ።

ጋሼ ሚኒባሷን የገዟት በ1,000,000 ብር ነበር። መድን ሲገቡም ዋጋዋ 1,000,000 ብር ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ የመኪና ዋጋ እየወጣ ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ የብር ዋጋ ወረደ፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። ዛሬ እንዲህ ያለች ሚኒባስ ገበያ ላይ 2,000,000 ብር ታወጣለች። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ግን ዋጋዋ እዚያው 1,000,000 ላይ ቆመ። የሽያጭ ወኪሉ «አረቦኑ እንዳይበዛብዎት ባለበት ይቀጥል» አላቸው። ጋሼም መረቁት።

የአረቦኑ መጣኔ በእሳቸው ወረቀት ላይ ከመቶ ሦስት ነው። በ1,000,000 ሲሰላ 30,000 ብር ይሆናል። በ2,000,000 ቢሰላ 60,000 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ 30,000 ብር አተረፉ። ወኪሉ አልዋሸም፤ አረቦኑ ርካሽ ነው።

አሁን ካሳው እንዴት እንደተሰላ ተመልከቱ።

ጉዳቱ 200,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 120,000 የመለዋወጫ፣ 80,000 የእጅ ዋጋ ነው። ወረቀቱ «መኪናው አሮጌ ስለሆነ ከአዲስ መለዋወጫ ዋጋ ላይ ከመቶ ሃያ አምስት ይቀነሳል» ይላል። ይህ የእርጅና ተቀናሽ ይባላል። ምክንያቱም አሮጌው ራዲያተር በአዲስ ሲተካ ባለቤቱ ይጠቀማል ተብሎ ነው። የ120,000 ከመቶ ሃያ አምስት 30,000 ነው። 200,000 ሲቀነስ 30,000፣ የሚቀረው 170,000።

ቀጥሎ ትልቁ መጣ። ሚኒባሷ 2,000,000 የምታወጣ ሆና በ1,000,000 ነው የተመዘገበችው። ይህም ግማሽ ማለት ነው። ወረቀቱ «ንብረቱ ከዋጋው በታች መድን ከተገባለት ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል» ይላል። ስለዚህ ለግማሹ መኪና መድን እንደገቡ፣ ሌላውን ግማሽ ራሳቸው እንደያዙት ተቆጠረ። የ170,000 ግማሽ 85,000 ነው። እዚህ ላይ ጋሼ እርሳሱን አስቀመጡ። «እኔ እኮ መኪናዋ ብትጠፋ ብቻ ነው 1,000,000 የሚሰጡኝ ብዬ ያሰብኩት። ለበርም ለኮፈንም ግማሽ ይሆናል ብዬ በየት በኩል ላስበው?» አሉ። እኛም ብንሆን ወረቀቱን ባናነብ አናስበውም ነበር።

የመጨረሻው ተቀናሽ በጋራዥ ሰፈር ኤክሰስ የሚባለው ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር ባለመኪናው መጀመሪያ ከኪሱ የሚችለው ድርሻ ማለት ነው። በጋሼ ወረቀት ላይ ከካሳው ከመቶ አሥር፣ ቢያንስ ግን 10,000 ብር ይላል። የ85,000 ከመቶ አሥር 8,500 ነው። ከ10,000 ስለሚያንስ 10,000 ተቀነሰ። 85,000 ሲቀነስ 10,000፣ የሚቀረው 75,000። ይኸው ነው የደረሳቸው። ተቀናሾቹ የሚመጡበት ቅደም ተከተል ከድርጅት ድርጅት ሊለያይ ይችላል፤ የእናንተንም በቅደም ተከተሉ ጠይቁ።

መኪናዋ በትክክለኛ ዋጋዋ ተመዝግባ ቢሆን ኖሮስ? 170,000 ላይ ከመቶ አሥር፣ ማለትም 17,000 ይቀነሳል። የሚደርሳቸው 153,000 ብር ነበር። ልዩነቱ 78,000 ብር ነው። 30,000 አተረፍኩ ብለው 78,000 አጡ። ያውም ሁለት ወር የቆመችበትን ገቢ ሳንቆጥር።

በሌላ በኩል ዋጋን አጋንኖ ማስመዝገብም አይጠቅምም። መድን የደረሰውን ጉዳት ይክሳል እንጂ ትርፍ አይሰጥም። የሁለት ሚሊዮኗን መኪና በሦስት ሚሊዮን ያስመዘገበ ሰው አረቦኑን በሦስት ሚሊዮን ይከፍላል፤ ካሳውን ግን በሁለት ሚሊዮን ያገኛል። ስለዚህ ውሉ ከመታደሱ በፊት ተራ ወይም ደላላ ዘንድ ሄዶ የዛሬውን ዋጋ መጠየቅ ነው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

ታዲያ አረቦን በትክክለኛ መንገድ አይቀንስም ወይ? ይቀንሳል።

በ1968 ዓ.ም. አሥራ ሦስት የተወረሱ የመድን ኩባንያዎች ተጠቃለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። ለብዙ ዓመታት መድን የሚሸጠው እሱ ብቻ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. በኋላ ግን የግል የመድን ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። ዛሬ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በግ እንደምንገዛ ሁሉ ዞር ዞር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ውሰዱ። ነገር ግን ሦስቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፦ ያው መኪና፣ ያው ዋጋ፣ ያው ኤክሰስ። አንዱ 50,000 ሌላው 60,000 ቢል የመጀመሪያው ረከሰ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ኤክሰሱ 30,000፣ የሁለተኛው 10,000 ሊሆን ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ የተጋጨ ሰው ሁለት ጊዜ ኤክሰስ ይከፍላል።

ከፍ ያለ ኤክሰስን አውቆ መምረጥ ግን ነውር የለውም። ትንሹን ጉዳት በራሴ እችላለሁ፣ ትልቁን ብቻ ሸፍኑልኝ የሚል ሰው አረቦኑ እንዲቀነስለት ይጠይቅ። ለዚህ በእጁ የተቀመጠ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው አንመክረውም።

ሌላው፣ ዓመቱን ሙሉ ካሳ ላልጠየቀ ሰው የሚሰጥ ቅናሽ ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ሳትጠየቁ ግን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ወደ ሌላ ድርጅት ስትዛወሩ ካሳ አለመጠየቃችሁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀድሞው ድርጅት ያዙ። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር እንጨምር። ስፖኪዮ ተሰበረ እንበል። ዋጋው 6,000 ብር ነው። ኤክሰሱ ቢያንስ 10,000 ከሆነ የሚከፈል ካሳ የለም። ለ6,000 ብር ተሯሩጦ አመልክቶ የዓመቱን ቅናሽ ማጣት ኪሳራ ነው። አንዳንድ ሰዎች ለፍሬቻ መስታወት ሁሉ ሲያመለክቱ አይተናል።

በማኅበር የተደራጁ ባለመኪናዎችም አንድ ላይ ሆነው ቅናሽ መጠየቅ ይችላሉ። የአንድ መኪና ባለቤት ሲጠይቅና የሃያ መኪና ባለቤቶች ሲጠይቁ መልሱ አንድ አይሆንም።

በዋጋው ላይ ምን ምን እንደሚደመርም ጠይቁ። ቴምብር፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ካለ በፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። «ጠቅላላ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?» በሉ። ከዚያ ደግሞ በመሐል ዓመት ውሉን ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል በሉ። ስድስት ወር ተጠቅሞ ያቋረጠ ሰው የአረቦኑ ግማሽ የሚመለስለት ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ከግማሽ ያነሰ ነው።

አሁን ደግሞ ጨርሶ የማይከፈልባቸው ጉዳዮች። ይህን ክፍል ማንም ማንበብ አይወድም። ለቤት አገልግሎት ተብላ የተመዘገበች መኪና በክፍያ ሰው ስትጭን ብትጋጭ ካሳ መከልከል ይመጣል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም የጠጣ ሹፌር ቢያሽከረክርም እንዲሁ ነው። ትርፍ ሰው መጫንም ክርክር ያስነሳል። የሁከት፣ የአመፅና የጦርነት ጉዳት ብዙ ጊዜ በመደበኛው ሽፋን ውስጥ የለም፤ የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ የሚገዛው ነው። የመስታወት መሰበርና የዕቃ ስርቆትም ለየብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሹፌሮች ቢጫ ካርድ የሚሉትን ያውቁታል። የኮሜሳ አባል አገሮች ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚቀባበሉት የመድን ካርድ ነው። ድንበር ለማይሻገር መኪና አያስፈልግም፤ ለሚሻገር ግን የአገር ቤቱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ስለ ወኪልና ስለ ደላላ ጠይቃችሁናል። የመድን ወኪልም ደላላም የሚሠራው በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ስድብ አይደለም። ወኪሉ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከመድን ድርጅቱ ነው። «ለልፋቴ» ብሎ ከእናንተ ከጠየቀ ለምን በሉት። ገንዘቡን ስትከፍሉ የድርጅቱን ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ገንዘብ ድርጅቱ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። አረቦኑ ካልደረሰ ደግሞ ሽፋን የለም፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ ረሳሁት ቢሉ የሚሰማ የለም።

ጋሼ ያነሱት የቋንቋ ነገር ይቀራል። የሙሉ ሽፋን ውል ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ተገቢ አይደለም። ማንበብ የተማረ ሰው የፈረመበትን እንኳ ማንበብ ካልቻለ ምን ዋጋ አለው? እስኪስተካከል ድረስ ግን ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ የአማርኛ ትርጉም አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ጥያቄን በአማርኛ ጽፎ መሄድና መልሱን በአማርኛ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት መጠየቅ። ቁጥር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ያለውን 1,000,000 ጋሼ ራሳቸው ናቸው ፈልገው ያገኙት።

የጋሼ ውል የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበርና ሰባት ጥያቄ ጻፉ። በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት። የመኪናዋ ዋጋ ስንት ተብሎ ይመዘገባል? ኤክሰሱ ስንት ነው፣ ቢያንስስ? በእርጅና ምን ያህል ይቀነሳል? ለተሳፋሪ ይከፍላል ወይ? ለፊት መስታወትስ? በስንት ቀን ውስጥ አደጋ ማመልከት አለብኝ? ጠቅላላ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?

ወረቀቱን ይዘው ሦስት ቦታ ሄዱ። አንደኛው ቦታ የነበረው ሠራተኛ «አባባ፣ ይኼን ሁሉ ማን ይጠይቃል?» ብሎ ሳቀ። ጋሼ ወጡ። ሁለተኛው ቦታ ሁሉን በቃል መለሱላቸው፤ በጽሑፍ ግን አንሰጥም አሉ። ሦስተኛው ቦታ አንዲት ልጅ አስቀምጣ ስድስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ ጻፈችላቸውና ማኅተም አደረገችበት። አረቦኑ ከዓምናው በ24,000 ብር ይበልጣል። መኪናዋ ግን በ2,000,000 ተመዘገበች፤ የእርጅና ተቀናሹም ከመቶ አሥራ አምስት ሆነ።

ቀለም ያለበትን ስፖንጅ ስትገፋላቸው ጋሼ መለሱላት። እስክሪብቶ ተቀብለው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። የፊት መስታወቱን ጥያቄ ግን አለቃዬን ጠይቄ ነው የምመልሰው ብላቸዋለች። ማክሰኞ ተመልሰው ይሄዳሉ።